የጨፌው ውኃ የማን ነው?

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል







በእንዲህ ዓይነት በዓል ላይ ዘወትር የሚነገረው ስለ ኩንታል፣ ስለ ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። አባሉ የደከመበትን ውጤት መስማት ስላለበት ይህ ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግር ግን በሂሳብ መዝገብ ላይ ተጽፎ የማይገኝ ሀብትን ይመለከታል። ይኸውም የኢሉባቦር ውኃ፣ ውኃውን ይዞ የሚያቆየው ጨፌና ከበላዩ ሆኖ የሚጠብቀው የቡና ደን ነው። ይህን ሀብት ኦዲተር አይቆጥረውም፤ እርሱ የጎደለ ዕለት ግን ሌላው ሂሳብ ሁሉ ይጎድላል።

«ኢሉባቦር ውኃ አይቸግረውም» የሚል አነጋገር አለ። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የሚመጣ ሠራተኛም የመጀመሪያውን ክረምት እዚህ ሲያሳልፍ ይህንኑ ያምናል። መቱና ጎሬ በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ ከተሞች መካከል ናቸው። በዓመት የሚዘንበው ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ሆኖም ዝናብና ውኃ አንድ አይደሉም። በነሐሴ የሚወርደውን ዝናብ በየካቲት፣ ፀሐዩ በከረረበት ወቅት፣ ከምንጭ የሚቀዳ ውኃ የሚያደርገው መሬቱ ነው። መሬቱ ካልያዘው የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ይዞ በሳምንት ውስጥ ጋምቤላ ይወርዳል።

ወንዞቹም ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። ሶር ከመቱ ብዙ ሳይርቅ በበቾ አካባቢ ፏፏቴ ሆኖ ይወርዳል። በዚሁ ወንዝ ላይ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ መቱንና አጎራባች ከተሞችን ለብዙ ዓመታት መብራት ሲሰጥ ኖሯል። ሶር ወደ ገባ ይገባል፤ ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል፤ ባሮም ጋምቤላን አልፎ በሶባት በኩል ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ከመቶ ዓመት በፊት የጎሬ ቡና በሰው ሸክምና በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጫን የነበረው በዚሁ ውኃ ላይ ነው። መርከቡ የሚመጣው ባሮ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ስለነበር፣ ነጋዴው ሁሉ የወንዙን መሙላት ይጠብቅ ነበር። የኢሉባቦር ቡና ገበያ የሚደርሰው በኢሉባቦር ውኃ ነበር ማለት ነው። ዛሬም በዚሁ አካባቢ ካሉት የቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች አንዱ «ሶር ገባ» ብሎ ስሙን ከሁለቱ ወንዞች መውሰዱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጨፌ ምን ይሠራል?

በየኮረብታው ግርጌ፣ በክረምትም በበጋም ረግረግ ሆኖ የሚቆየው ለምለም ቦታ በኦሮምኛም በአማርኛም ጨፌ ይባላል። በነገራችን ላይ የኦሮሚያ ምክር ቤት ጨፌ የተባለው በአጋጣሚ አይደለም። በገዳ ሥርዓት ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክረውና ሕግ የሚያወጣው በለምለሙ መስክ፣ በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ስለነበር ነው። ውኃ የሚጠራቀምበት ቦታና ሰው ለምክር የሚሰበሰብበት ቦታ በአንድ ስም ይጠራሉ።

ጨፌ በክረምት የጠጣውን በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ጨፌው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል። የተሸከመውን አፈር እዚያው ያራግፋል፤ ውኃው ወደ ታች ይሰርጋል፤ ከዚያም በጨፌው ዳርና ከታቹ ባሉት ምንጮች ጠርቶ ይወጣል። የገጠሩ ሰው ውኃ የሚቀዳው በአብዛኛው ከእነዚህ ምንጮች ነው። የጨፌው ሣር ደግሞ ቤት ይከደንበታል፤ ለበዓልና ለቡና ሥነ ሥርዓት ይጎዘጎዛል። በመቱ ገበያ በዓውደ ዓመት ዋዜማ በሸክም የሚሸጠውን ቄጤማ ያላየ የለም። በበጋ ወራት ሌላው መስክ ሲደርቅ ከብት የሚሰማራውም ወደዚያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ጨፌን ማረስ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኃጢአትም አይደለም። አባቶች ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ሲያርሱት ኖረዋል። የደጋው በቆሎ የሚሰበሰበው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ጎተራው ይራቆታል። የጨፌው በቆሎ ግን ውኃው በቦይ ተንጣፎ ከጥር ጀምሮ ስለሚዘራ፣ እሸቱ የሚደርሰው ልክ በዚያ የችግር ወቅት ነው። ስለዚህ «ጨፌ አይታረስ» ብሎ ከቢሮ መናገር ልጆቹ የሚበሉት ያጡበትን አባወራ አያሳምንም። የሚያከራክረው ጉዳይ ስንት እጁ ይታረስ፣ እንዴት ይታረስ፣ ይህንንስ ማን ይወስን የሚለው ነው።

አባ ላጋ

የጨፌ እርሻ ለብቻ የሚሠራ አይደለም። ከላይ ያለው ገበሬ ቦዩን ጠርጎ ከታች ያለው ካልጠረገ፣ ውኃው ተመልሶ የሁሉንም ማሳ ያጥለቀልቃል። አንዱ አጥር ካላጠረ ከብት በእርሱ በኩል ገብቶ የጎረቤቱን ይበላል። ሌሊት ማማ ላይ ወጥቶ ከርከሮ የሚጠብቅ፣ ቀን ደግሞ ጦጣና ዝንጀሮ የሚያባርር በተራ መመደብ አለበት። ይህን ሁሉ የሚያስተባብር ሰው ገበሬዎቹ ከመካከላቸው ይመርጣሉ። ስሙ አባ ላጋ ነው፤ የወንዙ አባት እንደማለት ነው። ቦይ የሚከፈትበትን ቀን፣ የሚዘራበትን ወቅትና የጥበቃ ተራውን ከአባላቱ ጋር ተመካክሮ ይወስናል። ሥራው የሚሠራው በደቦ ነው። ያልወጣ ሰው ይቀጣል፤ እምቢ ካለም ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል።

ይህ ሥርዓት ብዙ ዘመን አልፎበታል። በባለርስት ጊዜ ጨፌው እንዲታረስ የሚያዝዘው ባለመሬቱ ነበር፤ አስተባባሪውም ተጠሪነቱ ለእርሱ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ባለርስቱ ሄደ፤ የገበሬ ማኅበር መጣ። ከዚያ ወዲህ አባ ላጋው በገበሬው ምርጫ ብቻ የቆመ ሆነ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጀርባውን የሚደግፈው ሥልጣንም አብሮት ሄደ። በአንዳንድ ቦታ ሥርዓቱ እስከ ዛሬ ጠንካራ ነው። በአንዳንድ ቦታ ግን ስሙ ብቻ ቀርቷል። ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ የቀበሌው አስተዳደር ነው። አባ ላጋው የጣለውን ቅጣት የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ካጸናለት ሥርዓቱ ይሠራል። «ይህ የባህል ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም» ተብሎ ከተመለሰ ግን በሚቀጥለው ዓመት ለደቦ የሚወጣ ሰው ይቀንሳል።

ከ1989 እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ የኢሉባቦርን ጨፌዎች የሚመለከት ሰፊ ጥናት በመቱና በአካባቢው ተካሂዷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ሃደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተሳትፈውበታል። ከዚሁ ሥራ ቀጥሎ ኢትዮ ዌትላንድስና የተፈጥሮ ሀብት ማኅበር የተባለው አገር በቀል ድርጅት ተቋቁሞ ሥራውን ቀጥሏል። የዚያ ጥናት ትልቁ ቁም ነገር ለገበሬው አዲስ ትምህርት ማምጣቱ ሳይሆን፣ ገበሬው የሚያውቀውን መመዝገቡ ነው። ጨፌያቸውን ለረጅም ጊዜ ሳያደርቁ ያረሱ ሰዎች የሚከተሉት ደንብ አላቸው። የጨፌውን ራስ፣ ማለትም ውኃው የሚገባበትን ጫፍ፣ አያርሱም። መውጫውንም እንደዚሁ በሣር እንደተሸፈነ ይተዉታል። ቦዩን ከሚገባው በላይ አያጠልቁም፤ አዝመራው ከተሰበሰበም በኋላ መልሰው ይደፍኑታል። በዚህም ምክንያት ክረምቱ ሲመጣ ጨፌው ውኃውን ይሞላል፤ ሣሩም ይመለሳል። በእርጥብ መሬት ላይ ከብት አብዝቶ መልቀቅ አፈሩን ረግጦ እንደሚያጠነክረው ያውቃሉ። በዙሪያው ባለው ተዳፋት ላይ ያለው ዛፍ ከተመነጠረም ጨፌው በደለል እንደሚሞላ ያውቃሉ።

ይህ እውቀት ያልተጠየቀበት ጊዜም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የምግብ እጥረት ባሰጋ ጊዜ ጨፌው በስፋት እንዲታረስ መመሪያ ወርዶ ግብረ ኃይል እስከ ማቋቋም ተደርሶ ነበር። ዓላማው ሰው እንዳይራብ ነውና ሊነቀፍ አይችልም። ይሁን እንጂ ሥራው በሄክታር ሲቆጠር የጨፌው ራስም መውጫውም እንደ ባዶ መሬት ይታያል። ከዳር እስከ ዳር የተንጣፈ ጨፌ የመጀመሪያውን ሁለትና ሦስት ዓመት ጥሩ በቆሎ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ አፈሩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ቄጤማው በሌላ ሣር ይተካል፤ ምንጩም ይቀጥናል። የዚህን ዕዳ የከፈሉት መመሪያውን ያወረዱት አልነበሩም። እንስራ ይዘው ወደ ሩቅ ምንጭ የሄዱት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

በዚህ ላይ የባሕር ዛፍ ነገር አለ። ባሕር ዛፍ በራሱ ጠላት አይደለም፤ ማገዶም ነው፣ ግድግዳም ነው፣ ገንዘብም ነው። ከደን ላይ የሚነሳውን መጥረቢያ ያስቀራል። ችግሩ የሚተከልበት ቦታ ነው። ምንጭ ዳርና ጨፌ ውስጥ በቶሎ ስለሚያድግ ሰው እዚያ ይተክለዋል፤ በቶሎ የሚያድገው ግን ውኃውን ስለሚጠጣ ነው። አንድ ሰው በራሱ ይዞታ ላይ ስለተከለ ከታች ያሉ ብዙ አባወራዎች ውኃ ቢያጡ «የራሴ መሬት ነው» የሚለው መልስ ይበቃል ወይ? ይህን ጥያቄ ግብርና ጽሕፈት ቤት ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። ጨፌውን የሚጠቀሙ ሁሉ ተሰብስበው ሊመልሱት ይገባል።

ተሳትፎ ሲባል

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 ሕዝቡ የአካባቢን ደኅንነት የሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ሲነደፉና ሲተገበሩ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይደረግበት ከልክሎ፣ በገጠር ረግረጋማ መሬት ያለው ብዝኃ ሕይወትም እንዲጠበቅ አዝዞ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ቢተካም፣ ተዳፋቱና ጨፌው ዛሬም ያው ናቸው።

የሚጎድለው አፈጻጸሙ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በበጋ ወራት ሕዝቡ በነፃ ጉልበቱ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። ብዙ እርከን ተሠርቷል፤ የተራቆተ ኮረብታ ያገገመበት ቦታም አለ። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚለው ቃል በሪፖርት ላይ ብዙ ጊዜ የሚለካው በወጣው ሰው ብዛትና በሥራ ቀን ነው። ይህን ያህል ሰው ወጣ፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ ይባላል። የትኛው ምንጭ እንደጠነከረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስብሰባውም አንዳንድ ጊዜ የሚጠራው ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሰው ይፈርማል፣ «ውይይት ተደርጎበታል» ይባላል። በጉልበቱ ብቻ የተጠራ ገበሬ የሠራውን እርከን የእኔ ነው አይልም። በሚቀጥለው ክረምት ሲናድ «እርከናችሁ ፈረሰ» ብሎ ለልማት ሠራተኛው ይነግረዋል። «እርከናችሁ» የምትለዋ ቃል ብዙ ትናገራለች።

ሲዘገይ የሚመጣውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ ነበር። በዙሪያው ካለው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ሞላው፤ በየማሳው የተተከለው ፓምፕ ቀን ከሌት ሳበው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ደረቀ። ሐረር ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከድሬ ጃራ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት፣ ውኃ በቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውኃ መያዝ መጀመሩ ደስ ያሰኛል፤ በመካከሉ ያለፈው ዘመን ግን ለከተማውም ለገበሬውም መራራ ነበር። ፓምፕ የተከሉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። እያንዳንዱ የራሱን ማሳ ነበር የሚያጠጣው። የሁሉንም ፓምፕ ድምር የሚቆጥር ግን አልነበረም። ኢሉባቦርም ቢሆን በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌላም አካባቢ የመጡ ብዙ ቤተሰቦችን ተቀብሏል። ከእነርሱ መካከል ያሉ አዛውንት የደረቀ ምንጭ ምን እንደሚመስል ያውቃሉና በየስብሰባው ቢጠየቁ ብዙ ያስተምራሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ የተሳካ ምሳሌ አለ። በባሌ በአዳባና በዶዶላ ደን ውስጥ የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ከመንግሥት ጋር ሆኖ የደን ነዋሪዎች ማኅበራትን ሲያቋቁም፣ ደኑን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ማኅበር ከ30 የማይበልጡ አባወራዎች እንዲይዙት አድርጎ ነበር። ለአንድ አባወራ ወደ 12 ሄክታር ደን ተሰልቶለታል። ቁጥሩ የተወሰነው ሰዎቹ በስምና በፊት እንዲተዋወቁ፣ ደኑም እንዲችላቸው ነው። ማኅበሩ ደኑን በስምምነት ተረክቦ ይጠብቃል፤ በምትኩም የመኖርና የመጠቀም መብት ያገኛል። ትልቅ ስብሰባ ያላዳነውን ደን ትንሽ ማኅበር ሊያድነው ይችላል።

በዚሁ በኢሉባቦርም የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ቅርስነት ተመዝግቧል። ስፋቱ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ወደ 28 ሺህ ሄክታር የሚጠጋው ምንም የማይነካ ዋና ደን ነው። በዙሪያው ያለው ደግሞ ሰው ቡናውን የሚለቅምበት፣ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚሰበስብበት ነው። ገባና ዶጊ የሚያልፉት በዚሁ ደን ውስጥ ነው። የጫካ ቡና የዘር ሀብት ስለሆነ ዓለም ይፈልገዋል፤ ይህ ብዙ ተነግሯል። ለውኃ ያለው ጥቅም ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረም። ቡናው ብዙ እንዲያፈራ ተብሎ ዋንዛውም ሰሳውም ብርብራውም ሲሳሳ፣ ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ በየዓመቱ ሲመነጠር፣ ደኑ ከሩቅ ሲታይ አሁንም ደን ይመስላል። መሬቱ ላይ ግን ዝናቡን የሚቀበለው የረገፈ ቅጠል ያንሳል። ውኃው መስረጉ ቀርቶ መንሸራተት ይጀምራል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ድርሻ

እስካሁን የተነገረው ስለ ገበሬውና ስለ ኃላፊው ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ራሳቸው የሚጠየቁበት ጉዳይ ስላለ ደግሞ ሳይነሳ ቢታለፍ አድልዎ ይሆናል። እርሱም የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ነው። ከ100 ኪሎ እሸት ቡና የሚገኘው ንጹሕ ቡና 20 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ቀሪው ገለፈትና ልሃጭ ነው። ይህ ሁሉ ስኳር ያለበት ነገር ከብዙ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ይብላላል፤ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፤ ዓሣውም ሌላውም ፍጥረት ይታፈናል። ወንዙ ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ ከብት አፍንጫውን አስጠግቶ ይመለሳል። የሚለቀቀውም ከጥቅምት ጀምሮ፣ ልክ ዝናቡ ቆሞ ወንዙ መቀነስ በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ከጣቢያው በታች የሚኖረው ገበሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዚያው ማኅበር አባል ነው። ቡናውን በጠዋት ለጣቢያው ያስረክባል፤ ልጁ ማታ ከታች ያንኑ ውኃ ይቀዳል።

መፍትሔው የሚታወቅ ነው፤ ውድም አይደለም። ጣቢያው ከወንዙ ራቅ ብሎ ተከታታይ ጉድጓዶች ይኑሩት፤ ውኃው ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘቀጠ ይለፍ። ገለፈቱ ተለይቶ ይከመርና ኮምፖስት ይሁን፤ ለአባላቱ ማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ማጠቢያው ውኃ በተቻለ መጠን ተመልሶ ይሥራ። ከመጨረሻው ጉድጓድ በታች ደግሞ ቬቲቨር ይተከል። ይህ ሣር ለኢሉባቦር እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ወደ ጅማ ምርምር ጣቢያ ገብቶ ነበር። ኋላም በካርልሄንዝ ቦም የተመሠረተው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት በመቱ ዙሪያ አባዝቶ ለገበሬው አከፋፍሎታል። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ወደ ታች ይወርዳል። በዘር ስለማይራባ አረም አይሆንም። በተዳፋት ማሳ ላይ ቁራጩ ተጠጋግቶ በመስመር ከተተከለ ራሱ እርከን ይሠራል። በቆሻሻ ውኃ መውጫ ላይ ሲተከል ደግሞ ውኃውን ያጣራል። ገበሬው በእጁ የያዘው መድኃኒት ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ሰባተኛው ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ መርሆ ለኅብረተሰቡ ማሰብ የሚለው ነው፤ በየሥልጠናው ይነገራል፣ በየመተዳደሪያ ደንቡ ተጽፏል። በፌር ትሬድ ለሚሸጥ ቡና የሚገኘው ተጨማሪ ክፍያም በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለጤና ኬላ ማዋል የሚመሰገን ነው። ከዚሁ ላይ ለምንጭ ማጎልበትና ለማጣሪያ ጉድጓድ የሚሆን ድርሻ በጉባኤ ቢወሰን ግን የሚቃወም አባል አይገኝም። ያልተወሰነው አጀንዳ ሆኖ ስላልቀረበ ይሆናል።

ከተሞቹም ከዚህ ውጭ አይደሉም። የመቱና የጎሬ ነዋሪ ገበሬው ደን ቆረጠ ብሎ ይወቅሳል። ከሰሉን የሚገዛው ግን ማን ነው? በየወንዙ ዳር ቆሻሻ የሚደፋውስ? በጨፌ ላይ የመኖሪያ ቦታ የሚመራውስ? የከተማው እድር በዓመት አንድ ቀን ከላይ ያለውን የምንጭ ዳር አገር በቀል ዛፍ ለመትከልና ለማጠር ቢወጣ፣ ለገጠሩ ሰው የሚሰጠው ግምት ከዛፉ ይበልጣል።

የቀረው ጉዳይ አንድ ነው፤ በስብሰባው ላይ ማን ይቀመጣል የሚለው። የአባ ላጋ ስብሰባ የሚጠራው በጨፌው ላይ ማሳ ያላቸውን ነው። ማሳ የሌለው፣ ነገር ግን ከብቱን እዚያ የሚያሰማራው አይጠራም። ቄጤማ አጭዳ በመቱ ገበያ ሸጣ የምታድረው አትጠራም። ምንጩ ስንት እንስራ በስንት ጊዜ እንደሚሞላ፣ ዘንድሮ ከአምና በስንት እንደቀነሰ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው፤ እነርሱም አይጠሩም። የጨፌው ራስ ይታረስ ወይስ አይታረስ የሚለው ሲወሰን በመካከሉ ስለ ምንጩ የሚናገር ሰው የለም ማለት ነው። የቀበሌ አስተዳደሮች አባ ላጋውን በደብዳቤ አውቀው የሚጥለውን ቅጣት ቢያጸኑለት፣ በምላሹም ስብሰባው ለእነዚህ ሰዎች ክፍት እንዲሆን ቢጠይቁ፣ ለማንም ወጪ የለውም። የመሠረታዊ ማኅበራቱ የሥራ አመራር ኮሚቴዎችም በየቀበሌያቸው ይህን ሊያስጀምሩ ይችላሉ።

ቦይ የሚከፈተው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። መፈልፈያ ጣቢያዎቹም ሥራ የሚጀምሩት በዚያው ሰሞን ነው። ጉድጓዱ መቆፈር ያለበት፣ አባ ላጋውም ሰዎቹን መጥራት ያለበት ከዚያ በፊት፣ መስከረም ሳያልቅ ነው።